አሥራ አንደኛው ቀፎ

ፉንግ ካም ዌንግ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በገዛ ቤቱ ጓዳ ሞተ። ከማጅራቱ በላይ ተፈንክቷል። የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ደም ነክቶታል። መደርደሪያው ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ መብራቱን እያርገበገበ ሥራውን ይሠራል።

ኢንስፔክተር ሮሃያ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስትደርስ ማሌዢያ ኢፖ ከተማ ላይ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጫማዋን በረንዳው ላይ አወለቀች፤ የራሰ ካልሲዋንም። የሟቹ ልጅ ሬሳው ጋ አልነበረችም። ሳጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች።

«ከዚያ ዞር በዪ» አለቻት ሮሃያ።

«አልዞርም። ልታጠፉት ነው።»

«አባትሽ እዚህ ወድቆ አንቺ ዕቃ ታቅፊያለሽ?»

«አባቴ ሞቷል፣ ፑዋን» አለች፣ በማሌዎች ወግ «እመቤት» ስትላት። «ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ይሄኛው ገና አልሞተም።»

ኮርፖራል ሂሻም አለቃውን አየት አደረጋት። ሮሃያ በፖሊስነት ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን አላየችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ንገሪኝ። ባጭሩ።»

ሴትየዋ ሜይ ዮክ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ብስኩት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ልብሷ ላይ አሁንም ዱቄት አለ።

«ውስጡ አራት ዲስክ አለ» አለች። «አባቴ አርባ ዓመት የቀረጸው ሰርግ በሙሉ፣ ሌላም ነገር፣ ለአራቱ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው። አንድ ዲስክ ቢሞት ሦስቱ ይሸፍኑለታል። ሁለት ከሞተ አለቀ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሁድ፣ አንዱ ሞተ።»

«ሌላ ነገር ያልሽው ምንድን ነው?»

«ሲን ዪ።»

«ማናት?»

«ልጄ።»

«የት ናት አሁን?»

ሜይ ዮክ ግንባሯን ሳጥኑ ላይ አስደገፈች። «እዚህ።»

ሲን ዪ በስድስት ዓመቷ በደንጊ ትኩሳት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አያቷ ስታስነጥስ እንኳ የሚቀርጻት ሰው ነበር። ሜይ ዮክ ከቀብሩ በኋላ አንዱንም ማየት አልቻለችም። ስልኳ ላይ የነበረውን አንድ ቀን በንዴት አጥፍታዋለች። አባቴ ጋ አለ እያለች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። አባቷ ጋ የነበረውን መጠባበቂያ ቅጂ ደግሞ ሚያዝያ ላይ መብረቅ በላው።

«ታዲያ ዲስኩ የሞተ ዕለት ቶሎ አትገለብጡም?»

«አባቴ ሳጥኑን አጠፋው። ‹የቀሩትም ሦስቱ እኩል ያረጁ ናቸው፤ ከእንግዲህ የምናበራው አንድ ጊዜ ነው፤ አዲሱ ዲስክ ሲገባ› አለ። ከዚያ መምረጥ። ከሚያዝያ ጀምሮ ሲመርጥ ነበር፣ ቦታ ጠበበኝ ብሎ። ይሄ ድምፅ አለው፣ ያ ይሞቃል፣ ያኛው ዋስትናው አጭር ነው። እናቴን ሲመርጥ አንድ ምሳ ነው የፈጀበት።» ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቷ እምቢ አላት። «ረቡዕ ዕለት ገዛ፣ ተመስገን አልኩ። ደግሞ ሦስት ቀን ልፈትነው አለ። አዲስ ዲስክ ሳይፈተን ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሕጉ ነው።»

«ሐሙስ የተጣላችሁት ለዚህ ነው?»

ሜይ ዮክ ሳጥኑን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው።

«ጎረቤት ሰምቷል» አለ ሂሻም። «‹ልጄን ሁለተኛ ጊዜ እየገደልክብኝ ነው› ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ዛሬ ሳጥኑን ማን አበራው?»

«አላውቅም። ከሥራ ስመጣ በርቷል፣ ዲስኩ ገብቷል፣ እየሞላ ነው። አባቴ መሬት ላይ ነው።» ቀና አለች። «ፑዋን፣ ከጀመረ ማቋረጥ አይቻልም። እስኪሞላ ጠብቁልኝ። ከዚያ ብታስሩኝም እሰሩኝ።»

ሮሃያ ከሳጥኑ ጋር የተያያዘውን ማያ አየች። ዘጠኝ ከመቶ ይላል። ከሥሩ የአዲሱ ዲስክ መለያ ቁጥር አለ። ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈችው፤ ወረቀት እስክትፈልግ ትዕግሥት አልነበራትም።

ከዚያ ጓዳውን ማየት ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ ዲስክ የሚፈተንበት ማቀፊያ አለ፤ ባዶ ነው፤ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። አጠገቡ ነጭ ብዕር። የሞተውን ዲስክ መሳቢያ ውስጥ አገኘችው፤ ጀርባው ላይ በነጭ ብዕር የቻይንኛ ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?»

«የተገዛበት ቀንና ሱቁ» አለች ሜይ ዮክ። «ሁሉም ላይ ይጽፋል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነው የሚጽፈው። ያሳፍራል።»

ሮሃያ ባትሪዋን ወደ ሳጥኑ አስጠጋች። አራት መደዳ ቦታ። ሦስቱ ዲስኮች ጀርባ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይታያል። አራተኛው፣ አዲሱ፣ ባዶ ነው።

በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣቷን ስታንሸራትት አንድ ነገር ያዛት። ቢጫ፣ ቀጭን፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የፕላስተር ቁራጭ። ሰው ፕላስተር ቆርጦ ትርፉን የሚለጥፍበት ቦታ ላይ ተለጥፏል። ጠረጴዛው አቧራ አለበት፤ ቁራጩ ላይ የለም።

«ቆሻሻ ነው» አለ ሂሻም።

«ከረጢት አምጣ።»

የሟቹ ማስታወሻ ደብተር መደርደሪያው ላይ ነበር። ሮሃያም ሂሻምም ቻይንኛ አያነቡም። ሜይ ዮክ አንድ እጇን ከሳጥኑ ሳታነሳ አነበበችላቸው። የዲስክ ስም፣ መጠን፣ ሙቀት፣ ጩኸት፣ ስድብ።

«‹ጄያ ዛሬም ከቀፎ አውጣ ይለኛል›» አነበበች። «ጄያ ጓደኛው ነው። በገመድ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይገዛና የላስቲክ ቀፎውን ሰብሮ የውስጡን ያወጣል፤ በርካሽ ነው። አባቴ አይወድም። ‹የተገፈፈ ዕቃ አልገዛም። ከቀፎ የወጣ ዲስክ በእኔ ዓይነት አሮጌ ሳጥን አይነሳም፤ የመሰኪያውን ሦስተኛ ጥርስ በፕላስተር ሸፍን ይለኛል። ዲስክ ነው ወይስ ቁስለኛ?›» ገጹን ገለበጠች። «‹ረቡዕ። ከሎክ ሱቅ። እንደታሸገ። ፈተናው ቅዳሜ ማታ ያልቃል።›» ቆመች። «የዛሬ አለ። ‹የላዩ ቆጣሪ አርባ ሰዓት ሠርቷል ይላል፤ እኔ የፈተንኩት ነው። የውስጡን ቆጣሪ ከፈትኩት። ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰዓት። አዲስ ብለው አሮጌ ሸጡልኝ።›»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም።»

የሮሃያ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ልጅቷ ናት» አላት። «አስገባ አለችው፣ እምቢ አለ፣ ገፋችው፣ ራሷ አስገባች። ምን ቀረሽ?»

«ሳጥኑ እዚሁ ይደርልኝ።»

«ማስረጃ ነው፣ አምጪው።»

«ብነቅለው የሚሞት ማስረጃ ነው።»

«እስከ ነገ ቀትር። በቀትር ልጅቷንም ሳጥኑንም አመጣለሁ ብለሽ ፈርሚና በስልክ ላኪልኝ።»

ፈርማ ላከች። ከዚያ ቁጭ ብላ አሰበች፤ በሰዓት አምስት ከመቶ ገደማ ነው የሚሄደው። ቀትር ጫፍ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ትንሽ ከዘገየ አይደርስም።

የሟቹ ስልክ የመጨረሻ ጥሪ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ለጄያራጅ ነው። አራት ደቂቃ።

ጄያራጅ ቤቱ ከኋላው መንገድ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ድሮ የባንክ ማሽን ጠጋኝ ነበር፤ አሁን ከየቢሮውና ከየክሊኒኩ ያገለገሉ ዲስኮችን እየተቀበለ በመጭመቂያ ይሰብራል፣ የሰው ሚስጥር እንዳይወጣ። ሮሃያ ስትገባ ገና ጨልሞ አልነበረም። ግንባሩ ላይ የቤተ መቅደስ አመድ አለ። ሚስቱ ሳሮጃ የዝንጅብል ሻይ አመጣች።

«አንክል ጄያ፣ ካም ዌንግ አርፈዋል» አለችው ሮሃያ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ ሮሃያ የውሸቱን ታውቀዋለች።

«እንዴት?» አለ በመጨረሻ።

«ጓዳቸው ውስጥ ወድቀው ተገኙ።»

«ሰላሳ ዓመት፣ ፑዋን። ሰላሳ ዓመት ስንሰዳደብ።»

«ዛሬ ደውለውልዎት ነበር።»

«ስለ ማራገቢያ ነው። ለአዲሱ ዲስክ የትኛው ማራገቢያ ይሻላል አለኝ። ዕቃ ሲገዛ ሰው ካላስቸገረ አይሆንለትም። ከዚያ ተኛሁ።»

«አስተኝቼው ነው እኔ ቤተ መቅደስ የሄድኩት» አለች ሳሮጃ። «ስመለስም ተኝቷል።»

«ስንት ሰዓት ተመለሱ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

ሮሃያ ተነሳች። በግድግዳው ልክ መደርደሪያ ነበር፤ ላዩ ላይ ጥቁር የላስቲክ ቀፎዎች እንደ መጽሐፍ ተሰድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት አለ።

«ባዶ ናቸው?»

«ባዶ ናቸው። ዲስኩ ቢበላሽ ከነቀፎው ካልመለስክ ዋስትና የለም። ሁለት ዓመት ይቀመጣሉ።»

«ሕፃኖቹ ናቸው» አለች ሳሮጃ። «አንዱን የሳሙና ማስቀመጫ ባደርገው ሁለት ቀን አኮረፈኝ።»

«ቁጥሩ የታተመው እሱ ላይ ነዋ፣ አንቺ ሴትዮ። የቀፎውና የዲስኩ ቁጥር አንድ ነው። ሳሙና ሲነካው ይለቃል።»

ሮሃያ በሩ ላይ እግሯን ጫማዋ ውስጥ እየከተተች ሳለች ጄያራጅ ከኋላዋ ተጠጋ።

«ፑዋን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እዚያ ቤት መብራት እንዳታጠፉ። እስኪጨርስ። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ናት።»

«እሺ» አለች። መንገድ ላይ ሂሻምን፣ «ስንት ቀፎ ነው?» አለችው።

«አሥራ አንድ። ለምን?»

«እንዲሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። ምቱ ወዲያው አልገደለውም አለ። ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባት አርባ ደቂቃ ቆይቷል። ቶሎ ሰው ቢጠራለት ይተርፍ ነበር? ሳይሆን አይቀርም።

ሎክ ሱቁን ሲከፍት ሮሃያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕቃው ጣራ ድረስ የተቆለለበት ጠባብ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱ በጠዋቱም ላብ አለበት፤ ሰው ሁሉ ታውኬ፣ ባለሱቁ፣ ይለዋል።

«ታውኬ ሎክ፣ ለካም ዌንግ የሸጡለትን ዲስክ ቁጥር ስጡኝ።»

ደረሰኙን አወጣ። ሮሃያ መዳፏን አየች፤ ጽሑፉ በላቧ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። ሁለቱ አይመሳሰሉም።

«የሸጡለት ዲስክ ቤቱ የለም» አለችው። «ሌላ ነው ያለው።»

«እኔ ምን አገባኝ? ሸጥኩ፣ ወሰደ። ዲስክ እንደ ሙሽራ ሦስት ቀን የሚያሽ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ገዝቶ ይሄዳል።»

«ለዚህ ነዋ የሚያዋጣው። ሌላው ስለማይፈትን።»

ሎክ ላቡን ጠረገ። «አልገባኝም።»

«ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰዓት የሠራ ዲስክ በአዲስ ከረጢት አሽጎ መሸጥ። ከማን ነው የምትገዙት?»

«አቅራቢ አለኝ።»

«ስም።»

«ፑዋን፣ ልጆች አሉኝ።»

«ትናንት ዘጠኝ ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚህ። ብቻዬን። በዚያ ዝናብ ማን ይመጣል?»

«ሱቁን ይዝጉና ይከተሉኝ» አለችው።

መኪናው ውስጥ ሳሉ ሜይ ዮክ ደወለች። ሌሊቱን ከሳጥኑ አጠገብ አልተነሳችም፤ ከእሷ ጋር አንዲት ፖሊስ ተቀምጣ አድራለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «ሰማንያ አራት ደርሷል። አንዱ ዲስክ ግን ድምፅ ጀምሯል፤ ሳጥኑም እየዘገየ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ። ከአሮጌዎቹ አንዱ ነው። ፑዋን፣ እየሞተ ነው።»

ሮሃያ ዋና ከተማው ያለውን የፖሊስ ባለሙያ ጠየቀች። ሰኞ እመጣለሁ አላት። ስልኩን ዘጋችበት። ሂሻምን የፍተሻ ፈቃድ አስይዛ ወደ ጄያራጅ ቤት ላከችው፤ ጄያራጅንም ቀፎዎቹንም ይዘህ ና አለችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ጓዳው ውስጥ ነበሩ። በዋናው ክፍል የአማልክቱ ሥዕል በቀይ ወረቀት ተሸፍኗል፤ ሜይ ዮክ ለሟቹ ማድረግ የቻለችው እሱን ብቻ ነው። እሷ ማያው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሎክ በሩ ጋ፤ ጄያራጅ ደሙ ከታጠበበት መደርደሪያ ዞር ብሎ። ማያው ዘጠና ይላል። ጠቅ፣ ጠቅ።

ጄያራጅ ድምፁን ሲሰማ አንገቱ ዞረ።

«ባጭሩ ልናገር» አለች ሮሃያ። «ሰዓት የለንም። ካም ዌንግ ሳይፈትን ዲስክ አያስገባም፣ ሳይጽፍበትም አያስገባም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ያልተፈተነ፣ ያልተጻፈበት ነው። ስለዚህ ያስገባው እሱ አይደለም። አለቃዬ ልጁ ናት ይላል፤ የቸኮለችው እሷ ናት። እውነት ነው፣ ቸኩላለች። ግን እሷ ብትሆን ማቀፊያው ላይ የነበረውን የሎክን ዲስክ ነበር የምታስገባው። ሌላ ዲስክ ከየት ታመጣለች? ለምንስ?»

ሜይ ዮክ አልዞረችም። ዓይኗ ማያው ላይ ነው።

«ዲስኩ ተለውጧል። የለወጠው ሰው የመጀመሪያው ዲስክ እንዳይታይ የፈለገ ነው። አሮጌ ነበር፤ ካም ዌንግ ደርሶበታል። ገዳዩ ደብተሩን ትቶት ሄደ፤ ቻይንኛ ነው። ታውኬ ሎክ ግን ቻይንኛ ያነባሉ። እርስዎ ቢሆኑ ያቺን ገጽ ይቀዷት ነበር።»

«ነግሬሻለሁ አይደል» አለ ሎክ።

«አንድም አልነገሩኝም። ዝም ይበሉ።» ከረጢቱን አወጣች። ቢጫዋን ቁራጭ ሁሉም እስኪያያት ወደ ብርሃኑ ያዘች። «ይሄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሱቅ ዲስክ ፕላስተር አያስፈልገውም። በዚህ አሮጌ ሳጥን ሦስተኛው ጥርሱ ካልተሸፈነ የማይነሳው ከቀፎ የወጣ ዲስክ ነው። ካም ዌንግ የተገፈፈ ዕቃ ቤቱ አያስገባም ነበር።»

ጄያራጅ፣ «ፕላስተር ሁሉም ሰው አለው» አለ።

«አለው። ትናንት ማታ ቤትዎ ስመጣ ወድቀው ተገኙ ብቻ ነው ያልኩት። መብራት አታጥፉ፣ እስኪጨርስ አሉኝ።»

«ፈተናውን ነው ያልኩት። እየፈተነ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ፈተና ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል፤ ማን ይሞታል? ደግሞ የሚፈተነው ዲስክ አዲስና ባዶ ነው። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ናት ነው ያሉኝ። ልጅቷ ያለችበት ሳጥን ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር። መብራት እንዳይጠፋበት የለመኑለት ሳጥን እንደበራ ማንም ሳይነግርዎት ያውቁ ነበር።»

ሂሻም ጥቁሩን ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አሥራ አንደኛው ነው፤ መጨረሻ ላይ የተሰደረው፣ የሰኔ ቀን የተጻፈበት። ሮሃያ ገለበጠችው። ሆዱ ላይ ቁጥር ታትሟል።

«ሜይ ዮክ፣ ማያው ላይ ያለውን የአዲሱን ዲስክ ቁጥር አንብቢ።»

ሜይ ዮክ አንድ በአንድ አነበበች። ሮሃያ ጣቷን ቀፎው ላይ እያስኬደች ተከተለቻት። እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ነው።

«ሰው ገድሎ የዋስትና ቀፎ የሚያስቀምጥ» አለች ሮሃያ። «ከእናንተ ከዲስክ አፍቃሪዎች ሌላ ማን ይኖራል?»

ማያው ዘጠና አንድ አለ።

«ከእሱ ነው የምገዛው» አለ ሎክ ድንገት። «ከጄያ ነው። የተረፈ ዕቃ ነው፣ አዲስ ነው አለኝ።»

«አዲስ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር፣ አንተ ሌባ» አለው ጄያራጅ። ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ከክሊኒኩ የተቀበልኳቸው ናቸው። መስበር ነበረብኝ። ደህና ዲስክ መስበር አልችልም። እጄ እምቢ ይለኛል። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ እመልስና እሰጠዋለሁ። ለካም ዌንግ ይደርሳል አላልኩም።»

«ዓርብ ጠራዎት።»

«የተናደደው በሎክ ነበር። ና እይልኝ አለኝ። የራሴን ደህናውን ዲስክ ይዤ መጣሁ፤ በዚህ ለውጠውና ተወው ልለው። ስመጣ ከዲስኩ ላይ የተሰረዘውን መልሶ አውጥቶታል። የክሊኒኩ ስም። የሕፃናት ስም ዝርዝር። ዞሮ አየኝ። ‹እነዚህን ሰበርኩ ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ› አለኝ። ስልኩን አነሳ። እጁን ያዝኩት። ተንሸራተተ።»

«ተንሸራተተ» አለች ሮሃያ። ከዚህ በኋላ እርስዎ አላለችውም። «ከዚያ አንተ ምን አደረግህ? ሳጥኑ መሙላት የጀመረው ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነው፤ ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ካየሁት ዘጠኝ ከመቶ በሰዓት አምስት እየቀነስክ ወደ ኋላ ብትቆጥር እዚያ ይወስድሃል። ሐኪሙ ካም ዌንግ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነፍሱ አልወጣም ይላል። አንተ የሎክን ዲስክ ነቅለህ ደበቅክ፣ ፕላስተር ቆረጥክ። ጥርስ ሸፈንክ። ዲስክ አስገባህ፣ ሳጥኑን አበራህ፣ ትእዛዝ ጻፍክ። እሱ እግርህ ሥር እየተነፈሰ።»

ሜይ ዮክ ዞረች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማያውን ለቀቀችው።

«አንክል ጄያ፣ ይተነፍስ ነበር?»

ጄያራጅ ዓይኑን ወደ ቀፎው መለሰ።

«የሲን ዪን ልደት ኬክ የቆረጥከው አንተ ነህ። ቪዲዮው ላይ አለህ።»

«ለእሷ ነው ያስገባሁት» አለ። «ሳጥኑ ሲበራ ሦስተኛው ዲስክ መታመሙን አየሁ። ቅዳሜ ማታ ድረስ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ… እሷ ትሄድ ነበር። ትቼው መሄድ አልቻልኩም።»

«እሱንስ?»

ጄያራጅ ከንፈሩን ላሰ። «እሱ ቢተርፍ ይናገራል» አለ።

ሂሻም ካቴናውን አውጥቶ የሽማግሌውን ሁለት እጅ ከፊት አሰረ። ሎክ ሳያዙት ተቀመጠ። ሮሃያ ለአለቃዋ ልትደውል ስልኳን ስታወጣ የሳጥኑ ድምፅ ተለወጠ፤ ጠቅታው ፈጠነ፤ ከዚያ ረዘም ያለ ፉጨት። ማያው ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። ከሥሩ ቀይ መስመር መጣ።

«ቆመ» አለች ሜይ ዮክ። «ለምን ቆመ? ፑዋን፣ ቆመ።»

«ታማሚው ማንበብ አቅቶት ነው» አለ ጄያራጅ። አንገቱ ቀድሞት ወደ ማያው ሄዷል። «አትንኪው። ምንም አትንኪ። አሁን ከተተወ እየደጋገመ ይሞክርና ሳጥኑ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ፣ የተበላሸውን ቦታ እንዲዘልለው ማዘዝ ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው።»

«ምን ብዬ ልጻፍ? ንገረኝ።»

«በቃል የሚሆን አይደለም። የሚመልሰውን እያየሁ ነው የምጽፈው። አንድ ፊደል ብትስቺ አለቀ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለች ሮሃያ ወደ ሎክ።

ሎክ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሻጭ ነኝ።»

«ማምለጫ ነው፣ ፑዋን» አለ ሂሻም። «ያጠፋብናል። ዲስኩ የሱ ማስረጃ ነው።»

እውነቱን ነው። ሮሃያ የሽማግሌውን ፊት አየች። ወደ በሩ አላየም፤ ወደ እሷም አላየም። ቀዩን መስመር ብቻ ነው የሚያየው፤ ጣቶቹ ካቴናው ውስጥ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ።

«ሜይ ዮክ» አለች። «የአንቺ ነው። አንቺ ካልሽ ብቻ።»

ሜይ ዮክ የጄያራጅን እጆች ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ፉጨቱ ተደገመ። ከወንበሩ ተነሳች፤ ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለት፤ ሄዳ ግድግዳው ላይ ፊቷን አዙራ ቆመች።

ሮሃያ ቁልፏን አወጣች። ቀኝ እጁን ፈታች፤ ግራውን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረች።